የፌሊዝሚና ሚዛን

ሰባት ዓመት ተኩል እስኪሞላኝ ድረስ በዓለም ላይ አብዝቼ የምጠላት ሰው ፌሊዝሚና የምትባል ዓሣ ሻጭ ነበረች። ጠልቻት ብቻ ብቀር ደግ ነበር። ግን ከእሑድ በቀር በየቀኑ ጠዋት እናቴ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ እሷ ትወስደኛለች። ለመሳደብ። ለመሰደብም።

ላጄ በሚባለው የከተማችን የዓሣ አደባባይ ዐሥራ አራት ሴቶች ከድንጋይ ጠረጴዛዎቻቸው ኋላ ይቆማሉ። ዐሥራ ሦስቱ «ነይ የኔ ማር፣ ነይ እዪልኝ» የሚሉ፣ ሰው የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። እናቴ ዐሥራ ሦስቱንም አልፋ፣ ቧንቧው አጠገብ ካለው የመጨረሻው ጠረጴዛ ፊት ትቆምና ቅርጫቷን መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ስታደርግ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

«ይሄ ዓሣ ነው?» ትጀምራለች።

«አይ፣ ወንበር ነው» ትላለች ፌሊዝሚና። «ዐይንሽን ታከሚ።»

«ከሞተ ስንት ቀኑ ነው?»

«ካንቺ በኋላ ነው የሞተው። የሱ ዐይን እንኳ ያበራል።»

«ያ ሌባ ሚዛንሽስ? ዛሬም ይሰርቃል?»

«ላንቺ ሲሆን ይሰርቃል። ለሰው ሲሆን ትክክል ነው።»

ሰዉ ቆሞ ይስቃል። የክፍል ጓደኞቼ እናቶች ሳይቀሩ ቅርጫታቸውን ይዘው ይቆማሉ። እኔ የእናቴን ቀሚስ እጎትታለሁ። «እማዬ፣ ከዶና ሲዳሊያ እንግዛ። እሷ ደግ ናት። ባለፈው ከረሜላ ሰጥታኛለች።»

«አንቺ ስለ ዓሣ ምን ታውቂያለሽ!» ትለኛለች፣ ጉንጮቿ ቀልተው። በንዴት የቀላች ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ወደዚያ ጠብ ለመሄድ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ታበጥር ነበር።

ከላይ ደግሞ አያቴ አለ። አያቴ ቤልሚሮ ሠላሳ ዓመት የሰርዲን ጀልባ ካፒቴን ነበር። እግሮቹ ከከዱት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አደባባዩን ቁልቁል በሚያየው መስኮት ሥር ወንበሩ ላይ ይውላል። ጠቡ ሲሞቅ ድምፁ ከላይ ይመጣል፦ «አሳዪያት ግራሲዬቴ! እንዳትለቂያት!» ግራሲዬቴ እናቴ ናት። ቤቱ የአያቴ ነው። አባቴ በሰሜኑ በረዷማ ባሕር ላይ ለስድስት ወር በሚሰማራ የዓሣ መርከብ ስለሚሠራ፣ እኔና እናቴ በአያቴ ጣራ ሥር፣ በአያቴ ሕግ እንኖር ነበር። ከሕጎቹ ሁሉ የከበደው ይሄ ነው፦ ፌሊዝሚናን ከዓሣ ጉዳይ በቀር አንዲት ቃል ያናገረ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

ምን አድርጋ እንደሆነ ጠይቄ አውቃለሁ። ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማሁት «የሰው ባል ቤት ገባች» የሚል ነው። እኔ ደግሞ በመስኮት የገባች መሰለኝ። በሌሊት፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የሰውየውን ብርና ሰዓት ልትወስድ። ሚዛኗ ሌባ፣ ራሷም ሌባ፤ ሁሉም ገጠመልኝ። የገባችበት ቤት የመረብ ጠጋኙ የአዴሪቶ መሆኑን፣ አዴሪቶ ሚስቱ ጥላው ሌላ ከተማ ከሄደች ዓመታት እንዳለፉ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ስላላፋታቸው ፌሊዝሚና ሳታገባ አብራው እንደምትኖር የሚነግረኝ አልነበረም። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ለልጅ ማንም አይነግርም።

የዓመቱን ወቅቶች የቆጠርኩት በእነዚያ ስድቦች ነው። ክረምት ገብቶ ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባዎቹ ለሳምንት አይወጡም። ያኔ ጠረጴዛዎቹ ላይ ያለው ውሃው ሲሸሽ ሴቶች ከአሸዋ ውስጥ ቆፍረው የሚያወጡት ዛጎል ብቻ ነው። «ጠጠር ነው የምትሸጪው?» ትላለች እናቴ። «ጥርስሽን ስበሪበት» ትላለች ፌሊዝሚና። ቤት ስንገባ እናቴ ነጭ ሽንኩርትና የወይን ጠጅ ጨምራ ድስቱን ትከድናለች፤ ዛጎሎቹ አንድ በአንድ ቷ፣ ቷ እያሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ እቆጥራለሁ፤ መረቁን በበቆሎ ዳቦ እንጠርገዋለን። ለገና ዋዜማ ኦክቶፐስ ይመጣል። ከፋሲካ በፊት ቀለሙን የሚተፋው ዓሣ ይደርሳል፤ ከነቀለሙ ከሩዝ ጋር ይበስልና ሦስታችንም ጥርሳችን ጠቁሮ እንደ ጠንቋይ እየተያየን እንስቃለን። አያቴም ይስቅ ነበር። ምግብ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። የበጋው መግቢያ ላይ ሰርዲን ይወፍራል፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፤ ከተማው በጢስ ይታፈናል። አያቴ ስቡ ዳቦው ላይ ካልተንጠባጠበ ሰርዲን ብሎ አይጠራውም።

ታዲያ ያን ሁሉ ጣፋጭ ነገር የምናገኘው ከዚያች ሴት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ዶና ሲዳሊያም እኮ ሰርዲን አላት! ለምን?

አንድ ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሳምንት ተኛሁ። በተነሳሁ በመጀመሪያው ቀን እናቴ ሻርፕ ጠምጥማልኝ አብሬያት ወጣሁ። ፌሊዝሚና አየችኝና የአንድ ትልቅ ዓሣ ጭንቅላት አንስታ ቅርጫታችን ውስጥ ወረወረችው። «ውሰጂ! ይቺን አጥንት ልጅሽን ሾርባ አብይበት። ሰው ያራብሻት ነው የሚመስለው!»

«ለድመቴ ነው የማበላው!» አለች እናቴ።

ድመት የለንም። ሾርባውን ሦስት ቀን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ዐይኑ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ እናቴ በጣቷ እያወጣች ታጎርሰኝ ነበር። እኔ ግን «አጥንት» መባሌን ነው የያዝኩት።

ከገበያ ስንመለስ አያቴ ወንበሩ አጠገብ ያስጠራኝና ይመረምረኛል። መስኮቱ ሩቅ ነው፤ ሁሉ አይሰማም።

«ምን አለቻት?»

እነግረዋለሁ። ቃል በቃል።

«ከስታለች ወይስ ወፍራለች?»

«ከስታለች አባባ።»

«ታስላለች?»

አንድ ቀን «አዎ፣ በጣም ታስላለች» ስለው ሳህኑን ሳይጨርስ ገፋው። ከደስታው የተነሳ ምግብ ያስጠላው መሰለኝና እኔም ደስ አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው ሰርዲን መወፈር በጀመረበት ሰሞን ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ቅርጫቷን አስቀመጠች፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምነው ሆድሽ?» አለች ጮክ ብላ። «ከወር በፊት ተነፍቶ አልነበር? የማይሸጠውን ሁሉ ራስሽ ነሽ እንዴ የምትበይው?»

ሰዎች ሳቁ። ፌሊዝሚና አልሳቀችም። ጨርቁን አንስታ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች፤ ንጹሕ ጠረጴዛ።

«አሁን ባዶ ነው» አለች። «ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ባዶ ነው።»

እናቴ እጆቿን ከወገቧ አወረደች። ያለቀላት መሰለኝ። እጇን ጎተትኩ፤ በይ እንጂ፣ በያት! እሷ ግን ሳትከራከር ግማሽ ኪሎ ሰርዲን አስመዘነች፣ ተቀበለች፣ ሄደች። ቤት ስንደርስ ዓሣውን ቧንቧ ሥር አድርጋ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው። ከውሃው ድምፅ ሥር ስታለቅስ ሰማኋት። ለአያቴ የተባባሉትን ነገርኩት፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና እስከ ማታ አላናገረኝም።

ያቺ ሴት እናቴን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አሸንፋታለች። አያቴን ቃል አሳጥታዋለች። ሁሉም ሲያለቅስና ዝም ሲል ዝም ብዬ የማይ ልጅ አልነበርኩም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ገበያው ተቆጣጣሪ ወደ ሴኞር አልባኖ ሄድኩ። ወፍራም፣ ላብ የማይለየው፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነው። ዶና ሲዳሊያ ለአንድ ጉዳይ መጥታ ከፊቱ ተቀምጣለች።

«የፌሊዝሚና ሚዛን ይሰርቃል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እናቴ። በየቀኑ ነው የምትለው።»

«እሱን እኔም በየቀኑ እሰማለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አያስሯትም?»

በረጅሙ ተነፈሰና በር በሩን አየ። «ሂጂ ቤትሽ። እናትሽ ትፈልግሻለች።»

«ቆይ እንጂ» አለች ዶና ሲዳሊያ፣ በዚያ የከረሜላ ድምፅዋ። «አቤቱታ አቤቱታ ነው ሴኞር አልባኖ። የኔን ሚዛን ባለፈው ዓመት ሁለቴ አይደል የመረመሩት? የሷ ከብር ነው የተሠራው?»

«ወይ ጣጣ» አለ ሴኞር አልባኖ። ፊቱን በመሐረብ አበሰ። «ወይ ጣጣ፣ ወይ ጣጣ።»

በበነጋው ጠዋት የመመዘኛ ድንጋዮቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። የአንድ ኪሎውን አስቀመጠ፤ መርፌው አንድ ላይ ቆመ። የሁለቱን አስቀመጠ፤ ሁለት ላይ ቆመ። ግማሹንም ሞከረ።

«ትክክል ነው» አለ ደስ ብሎት። «እንደውም ከሁሉም ይሄ ነው ትክክሉ።» ሣጥኑን መዝጋት ጀመረ።

«ወረቀቷስ?» አለች ዶና ሲዳሊያ ከጠረጴዛዋ።

ሴኞር አልባኖ ዐይኑን ጨፈነ። ፌሊዝሚና ከመጎናጸፊያዋ ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

«ያውቁት የለ?» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። አሁን ግን በሰው ፊት ተጠየቅሁ።»

ጠረጴዛውን በገመድ አሰረው። እኔ የእናቴን እጅ እየነቀነቅሁ «አየሽ እማዬ? ያዟት! ያዟት!» እላለሁ። እናቴ እጇን ከእጄ አወጣች።

ለምሳ ተቀምጠን ሳለ ሴኞር አልባኖ ደረጃችንን እያለከለከ ወጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አያቴን እንዳያይ እየተጠነቀቀ፣ እናቴን አናገራት።

«ዶና ግራሲዬቴ፣ የቦታው ፈቃድ በእርስዎ ስም ነው፤ ከነፍስ ኄር እናትዎ የተላለፈልዎ። የምትሸጥበት ግን እህትዎ ናት። ይሄ አይቻልም። ወይ ራስዎ ይሽጡ፣ ወይ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አንድ ሳምንት ነው ያለዎት። ምን ላድርግ? እኔም አልፈለግሁትም።»

እህትዎ።

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። የእናቴን ፊት አየሁ፤ አፍንጫውን፣ ሲቆጡ የሚነሳውን ቅንድብ። እንዴት ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላየው ቀረሁ? ከዓሣ ጉዳይ በቀር እንዳታናግራት ተብላለች። እሺ ብላ፣ በየቀኑ ስለ ዓሣ አናገረቻት። ከላይ የሚሰማው ሰው ደስ እንዲለው እየተሳደበች። ያ ሆድ የመጀመሪያዋ ልጅ ነበር፤ በዐርባ ዓመቷ ያረገዘችው። መውረዱን እናቴ የሰማችው እዚያ፣ ሰው እየሳቀ፣ ግማሽ ኪሎ ሰርዲን ተመዝኖ እስኪሰጣት ቆማ ነው። እርግጥ ይህን የኋለኛውን በዚያ ምሳ ላይ አልገባኝም። ያን ዕለት የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ ማንም ማወቅ እንደሌለበት።

ሴኞር አልባኖ ሲወጣ አያቴ ጠየቀ፦ «ስንት ዓመት ፈረምሽላት?»

«ዐሥራ አንድ» አለች እናቴ።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ አባዬ።»

ሻንጣችን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። እናቴ ሳትጠየቅ አውርዳ አልጋው ላይ ከፈተችው። አያቴ ግን ውጡ አላለም። ግቡም አላለም። ሻንጣው ሦስት ቀን አልጋ ላይ አፉን ከፍቶ ከረመ፤ እኛም ማታ ማታ ወለል ላይ እያወረድነው ጠዋት እየመለስነው ተኛን። ዓሣ ከዶና ሲዳሊያ ተገዛ። አያቴ የመጀመሪያውን ቀን ቀመሰና ተወው። የሁለተኛውን ሸተተው። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ።

«ይሄ ሰርዲን አይደለም» አለ። «ይሄ የሰርዲን ፎቶ ነው።»

እናቴ የዘይቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አስቀመጠችው ልበል እንጂ፣ ጠርሙሱ ተሰነጠቀ።

«በቃኝ!» አለች። «በቃኝ አባዬ! እህቴን ደህና አደርሽ ለማለት ዓሣሽ ሸተተ ማለት አለብኝ። አመመሽ ወይ ለማለት ዐይንሽ ፈጠጠ ማለት አለብኝ። ሆዷ ውስጥ ያለ ልጅ ሲጠፋ በስድብ ነው የጠየቅኋት! አላቀፍኳትም! አንገቷን አልያዝኩም! እርስዎ ከላይ ሆነው አሳዪያት ይሉኛል፤ እኔ እንደ ውሻ ስጮህ ጉሮሮዬ ቆሰለ። እና አሁን ሰርዲኑ አልጣፈጠዎትም? የሚጣፍጠውን የምትመርጠው ማን ነበረች? ዐሥራ አንድ ዓመት ከማን እጅ የበሉ ነው የሚመስልዎት?»

አያቴ መስኮቱን እያየ ነበር። ጠረጴዛው ታስሯል፤ ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«ሂጂ አምጫት» አለ።

እኔ ዓሣዋን መሰለኝ። እናቴ ግን በቤት ጫማዋ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። «አልመጣም አለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ከመስኮት ሲያየኝ ኖሮ ዛሬ ሆዱን ሲርበው ነው ወይ የጠራኝ አለች። ከፈለገ ራሱ ይምጣ አለች።»

«እግር የለኝም» አለ አያቴ። «እግር ያላት እሷ ናት።»

እናቴ ወረደች። ወጣች። «አዴሪቶን ይዤ ካልሆነ አልመጣም አለች።»

«ሰውየው እዚህ ቤት አይገባም።»

ወረደች። ወጣች። «እንግዲያው ደህና ሁን በዪው አለች።»

«ደህና ትሁን በያት።»

አምስተኛው ዙር ላይ እናቴ ደረጃው መሐል ላይ ተቀመጠች። ላብ በግንባሯ ይወርዳል። ሁለቱንም እስከ ሰባት ቤት ድረስ ረገመቻቸው፤ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች እያየች። «አንድ ዐይነት ናችሁ! አንድ ድንጋይ ለሁለት ተፈልጦ ነው የተሠራችሁት! መሐል ላይ ያለሁት እኔ ዱቄት ሆንኩ!» ከዚያ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። «እሺ። ወረቀቱ የኔ ነው አይደል? ነገ ራሴ እሸጣለሁ።»

ሸጠች ለማለት ይከብዳል። ቅዳሜ በማለዳ ወደብ ወርዳ ሦስት ቅርጫት ሰርዲን አመጣች። ዓሣ ገዝታ ታውቃለች እንጂ ሸጣ አታውቅም። በረዶውን ከሥር አፈሰሰችው፤ ሰርዲኑን እንደ ማገዶ ከላይ ከመረችው፤ ጭንቅላቱ የትም ጅራቱ የትም። ፀሐይዋ ወጣች። ዝንቦቹ መጡ። ሚዛኑ ላይ ስትጥለው የሚወድቀው ከሚመዘነው ይበልጣል፤ እኔ መሬት ለመሬት እየዳኽኩ እለቅማለሁ። ዶና ሲዳሊያ ከረሜላዋን እየመጠጠች ትመለከተናለች።

ፌሊዝሚና አደባባዩ ማዶ፣ የአዴሪቶ መረብ መጠገኛ ደጅ ላይ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቻለች። መልሳ መልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ መልሳ ታያለች። እናቴ አንዱን ሰርዲን በሆዱ ጨብጣ ስታነሳው አንጀቱ ሲወጣ ግን አልቻለችም።

«ኧረ በማርያም!» እያለች አደባባዩን አቋርጣ መጣች። «ጭንቅላቱን! ጭንቅላቱን ወደ አንድ በኩል! ምንድን ነው የምትሠሪው፣ ቀበርሻቸው እኮ!»

«ዝም በይ! ፈቃዱ የኔ ነው!»

«ፈቃድሽን ብዪው! ዞር በዪ!»

ያኔ ከላይ መስኮቱ ተበርግዶ ግድግዳው ላይ ተላጋ።

«በረዶው!» ብሎ ጮኸ አያቴ። «በረዶውን ከላይ አድርጊ አንቺ! ከላይ!»

ፌሊዝሚና ሁለት እጇን ሙሉ በረዶ አፍሳ ነበር። ቀና አላለችም። «እሱን ነው እኮ የምላት!» አለች። «ትሰማለች እንዴ?»

«መቼ ሰምታ ታውቃለች!» አለ አያቴ።

ከዚያ ሁለቱም ምን እንዳደረጉ ታወቃቸው። አደባባዩም ታወቀው። ዶና ሲዳሊያ ከረሜላዋን መምጠጥ አቆመች። ፌሊዝሚና በረዶውን እንደያዘች ቆመች፤ ውሃው በክንዷ ወርዶ ከክርኗ ይንጠባጠባል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነኝ፤ ከዚያ ሆኜ የማየው የፌሊዝሚናን ጉልበት ነው። ቅርፊት ተለጥፎበታል።

አያቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የግራው ቅርጫት» አለ ቀስ ብሎ፣ «የግራው የትናንት ነው። ሸውደዋታል።»

«አይቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። «አይቼዋለሁ አባዬ።»

ሴኞር አልባኖ በሰኞው መጥቶ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ላይ እስከተቀመጠች ድረስ ሕጉ ተከብሯል ብሎ ሄደ። እናቴ ሹራብ እየሠራች ተቀመጠች፤ ፌሊዝሚና ሸጠች። ቀትር ላይ ገበያው ሲበተን ያስተረፈችውን ዓሣ ይዛ ደረጃችንን ትወጣለች። ያቀፈ ሰው አላየሁም። የምትቀመጠው በር አጠገብ ነው፤ አያቴ ዓሣው ጨው በዛበት ይላል፣ እሷ ምላስህ አርጅቷል ትላለች፣ እናቴ ሁለታችሁም ዝም በሉ ትላለች። አዴሪቶ አንድም ቀን ደረጃውን አልወጣም፤ አያቴም አልጠራውም። ከሁለት ክረምት በኋላ አያቴ ሲሞት ሣጥኑን ከፊት በኩል የተሸከመው አዴሪቶ ነበር፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ጠንካራ ሰው ያስፈልግ ነበር ተባለ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ ልነግራት ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ወሬ እንደቀየርኩ። ከአራት ዓመት በፊት ስታርፍም አልነገርኳትም። ባለፈው ሰኔ፣ ከአክስቴ ከፌሊዝሚና ጋር ማድ ቤቷ ተቀምጠን ሰርዲን ስናጥብ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሁንም በእኔ አያያዝ ትነጫነጫለች፣ ድንገት ወጣኝ።

«አክስቴ፣ ያኔ ለሴኞር አልባኖ የከሰስኩሽ እኔ ነኝ።»

እጇን አላቆመችም። «አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ገመዱን ሲያስር በጆሮዬ ነግሮኛል። የከሰሰችሽ ያቺ የእህትሽ አጥንት ናት አለኝ።»

«ታዲያ ዐርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር እናትሽ ትገድልሽ ነበር።» የአንዱን ሰርዲን ቅርፊት በአውራ ጣቷ ገፈፈች። «ልጅ ነበርሽ። ከእናትሽ የሰማሽውን ነው ያልሽው። እሱን ትቼዋለሁ።»

ዐይኔ እንባ አቀረረ። ልስማት ጎንበስ ስል በክርኗ መለሰችኝ።

«ያን ቀን ግን» አለች፣ «ጠረጴዛው ላይ ሃያ ሁለት ኪሎ ሰርዲን ነበረኝ። የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ስብ የያዘ። አልባኖ ከነዓሣው በገመድ አስሮት ሄደ፤ ማንም ሳይነካው ፀሐይ ላይ ሸተተ። ሃያ ሁለት ኪሎ! ለሱ ይቅር አላልኩሽም።»

ፊቷን አየሁት። እየቀለደች አልነበረም።